ውሃ ካለ ሕይወት አለ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። ሰመራ የምኖር የአንደኛ ዓመት የጂኦሎጂ ተማሪ ነኝ። በ2025 ሚያዝያ ላይ ኬ2-18ቢ በምትባል ፕላኔት፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ በማርስ ላይ የሕይወት ምልክት ተገኘ ሲባል ሰማሁ። ጓደኞቼ ‹በቃ ተገኘ፣ ክርክሩ አበቃ› ይላሉ። ‹ውሃ ባለበት ሁሉ ሕይወት አለ› ሲባልም ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። እውነት ነው? በዚህ መስክ መሥራት ለሚፈልግ ሰውስ አገር ውስጥ ሆኖ መንገድ አለው? እኅታችሁ።»

ምላሽ፦

እኅቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። እስከ ዛሬ ከምድር ውጭ ሕይወት መኖሩ የተረጋገጠበት አንድም ቦታ የለም። ኬ2-18ቢ ላይ አልተገኘም፤ ማርስ ላይም አልተገኘም። ማርስ ላይ የታየው ነገር ግን ዝም ብሎ የሚታለፍ ስላልሆነ እመለስበታለሁ። ስለ ውሃ ያነሳሽው ደግሞ ከጥያቄዎችሽ ሁሉ ዋናው ነው። ውሃ ግድ ያስፈልጋል፣ ብቻውን ግን አይበቃም። ይህን ከየትኛውም የዓለም ክፍል በተሻለ የሚያሳየው ቦታ ያለው እዚያው አፋር ክልል ውስጥ፣ ዳሎል ላይ ነውና ከእሱ ልጀምር። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ዳሎል ከባሕር ጠለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ በሚጠልቀው የዳናክል ረባዳ ምድር ውስጥ ይገኛል። ቀይ ባሕር በአንድ ወቅት እስከዚያ ይዘልቅ ነበር፤ ውሃው ሲተን የተወው ጨው ውፍረቱ ከአንድ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከጨው በታች የቅልጥ ዐለት ሙቀት አለ። ወደ ውስጥ የሰረገው ውሃ እዚያ ግሎ፣ ጨው፣ ብረትና ድኝ ተሸክሞ ይመለስና በየምንጩ ይፈልቃል። ምንጩ አፍ ላይ ያለው ውሃ ነጣ ያለ አረንጓዴ ነው። ኩሬ ሠርቶ ሲቆይ ብረቱ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ወደ ቢጫ፣ ከዚያ ወደ ብርቱካናማ ይሄዳል፤ ምንጩ የነጠፈበት ቦታ ላይ የቀረው ጨው ደግሞ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። አዲስ ምንጭና አሮጌ ምንጭ በቀለማቸው ይለያሉ ማለት ነው። ጎብኚ ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው ያ ቀለም የብረትና የድኝ ኬሚስትሪ ሥራ ነው፤ ሕያው ነገር እጁን አላስገባበትም። አሜሪካ ውስጥ የሎውስቶን በተባለው ፓርክ ግን ተመሳሳይ ቢጫና ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ፍል ውሃዎች አሉ፤ የእነዚያ ቀለም የሚመጣው በዳርቻቸው ከሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ነው። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጦ ‹የትኛው ሕይወት አለበት?› ብሎ የሚጠይቅ ሰው በዓይን ብቻ አይለያቸውም። ይህን ያዢልኝ፤ ከሚሊዮን ኪሎ ሜትሮች ርቀት በሚነሳ ፎቶ ስንፈርድ የሚገጥመን ችግር ይኸው ነው።

የዳሎል ውሃ ከፍተኛ ጨው ስላለበት የመፍያ ነጥቡ ከፍ ይልና በ108 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይፈልቃል። ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ባነሰ ቁጥር አሲዱ ይበረታል) ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ ከዜሮ በታች የሚወርዱ ኩሬዎችም አሉ። ጨውነቱ የባሕር ውሃን ከአሥር እጥፍ በላይ ያህላል። ሙቀት፣ አሲድና ጨው በዚህ መጠን በአንድ ቦታ ተሰብስበው የሚገኙበት ሌላ ስፍራ በምድር ላይ ማግኘት ይቸግራል። የጥንቱን የማርስ ፍል ውሃ የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች ወደ አፋር የሚጎርፉትም ለዚህ ነው።

በ2019 ስለዚሁ ቦታ በወራት ልዩነት ሁለት ጥናቶች ታተሙ። በስፔናዊው ፌሊፔ ጎሜዝ የተመራው ቡድን በግንቦት ያሳተመው፣ ከምንጮቹ አጠገብ ከሚቆሙት የጨው ዓምዶች በወሰደው ናሙና ውስጥ እጅግ ደቃቅ ክብ አካላት ማየቱንና ናኖሃሎአርኪያ ከሚባሉት፣ ከአርኪያ (ባክቴሪያ ከሚመስሉ ግን ከባክቴሪያ ከሚለዩ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት) ወገን ከሆኑት ተሕዋስያን ጋር የሚዛመድ ዲኤንኤ ማግኘቱን ገለጸ። በጥቅምት ደግሞ ፈረንሳይ አገር በምትሠራው ፑሪፊካሲዮን ሎፔዝ-ጋርሲያ የተመራው ቡድን ተቃራኒውን አወጣ። እነሱ ከ2016 እስከ 2018 ከብዙ ቦታ ናሙና ሰብስበው፣ በተለያዩ ማይክሮስኮፖች መርምረው፣ ዲኤንኤውን አንብበው፣ ሕዋሳቱን ለማራባትም ሞክረው ነበር። አሳሌ ሐይቅ ውስጥና በዳሎል ዙሪያ በጨው ሸለቆዎቹ ውስጥ ባለው ውሃ ብዙ ዓይነት አርኪያ አገኙ፤ ጨው ወዳድ የሆኑ፣ ብዛታቸውም ዓይነታቸውም የሚያስደንቅ። በዳሎል አሲዳማ ኩሬዎችና አጠገባቸው ባሉት ‹ጥቁር›ና ‹ቢጫ› በሚባሉት ሐይቆች ውስጥ ግን የሚኖር ነገር አላገኙም። ብቅ ያለው ጥቂት ዲኤንኤ ከሰው፣ ከላቦራቶሪ ኬሚካሎችና ነፋስ ከአካባቢው ካመጣው አቧራ የመጣ መሆኑን አሳዩ። በማይክሮስኮፕ ሕዋስ የሚመስሉት ክብ አካላትም ሲመረመሩ ሲሊካ (የአሸዋ ዋና ማዕድን) የበዛባቸው ቅንጣቶች ሆነው ተገኙ።

እኔ በረቂቅ ተሕዋስያን ሙያ የምሠራ እንደመሆኔ የሁለተኛው ጥናት ማስረጃ ይበልጥ ያሳምነኛል። ምክንያቴ የናሙናው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ብክለትን ለመለየት የተደረገው ጥንቃቄና አንዱን ውጤት በሌላ ዘዴ ማመሳከራቸው ነው። እግርሽ የሚደርስበት፣ በእጅሽ ቀድተሽ ወደ ላቦራቶሪ የምትወስጂው ውሃ ውስጥ ሕይወት መኖር አለመኖሩ እንዲህ ካከራከረ፣ ሮቦት ልከን ወይም ብርሃን ተንትነን ስለምናየው ዓለም ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለብን ገምቺ።

ታዲያ ውሃ ሞልቶ ሳለ ለምን ሕይወት ጠፋ? ሁለት እንቅፋቶች አሉ። አንደኛው ከፍተኛ አሲድና ከፍተኛ ጨው አንድ ላይ መምጣታቸው ነው። አሲዱን ለብቻው የሚችሉ ተሕዋስያን አሉ፤ ጨውንም ለብቻው የሚችሉ አሉ። አሲድን ለመቋቋም ሕዋስ ከበሩ ላይ አሲዱን ሳያቋርጥ እየረጨ ማስወጣት አለበት፤ ጨውን ለመቋቋም ደግሞ የውስጡን ጨው ከውጪው ጋር ማመጣጠን አለበት። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ በዚያ መጠን ማድረግ የቻለ ሕይወት እስካሁን አልታየም። ሁለተኛው እንቅፋት በጥቁሩና በቢጫው ሐይቅ ያለው ማግኒዥየም ክሎራይድ ነው። ይህ ጨው ውሃውን አጥብቆ ይይዘዋል፣ የሕዋስን ሽፋንና ፕሮቲንም ያፈርሳል። ሕዋስ የሚያስፈልገው ነፃ ውሃ፣ ማለትም በጨው ወይም በስኳር ያልተያዘ ውሃ ነው። ማር ሳይበላሽ ዓመታት የሚቆይበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ውሃ አለበት፣ ነገር ግን ስኳሩ ስለያዘው ለተሕዋስያን የሚተርፍ የለም። ባለሙያዎች ይህን ነፃነት ከ0 እስከ 1 ባለ ሚዛን ይለኩታል፤ ንጹሕ ውሃ 1 ነው፣ ከ0.585 ገደማ በታች ሲያድግ የታየ ሕይወት የለም።

ይህን ቁጥር ይዘሽ ወደ ቬኑስ ብትሄጂ ይጠቅምሻል። በ2020 መስከረም የቬኑስ ደመና ውስጥ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ታየ ተባለ፤ ይህ ጋዝ ምድር ላይ ኦክስጅን በሌለበት ከሚኖሩ ተሕዋስያን ጋር ስለሚያያዝ ዓለም ሁሉ አወራለት። በቀጣዩ ዓመት ጆን ሆልስዎርዝና ባልደረቦቹ የደመናውን ነፃ ውሃ ሲያሰሉ ሕይወት ከሚፈልገው ከመቶ እጥፍ በላይ ያነሰ ሆኖ አገኙት። የቬኑስ ደመና ጠብታ በአብዛኛው ሰልፈሪክ አሲድ ነውና አያስገርምም። ስለ ጋዙ ራሱ ክርክሩ ቀጥሏል፤ እኛ የምናውቀው ዓይነት ሕይወት እዚያ ይኖራል የሚለው ግን በእኔ ግምት በጣም የሳሳ ተስፋ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ተስፋ የሚያስቆርጥ እንዳይመስልሽ ሌላውንም ወገን ላሳይሽ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ምፖኔንግ በተባለው የወርቅ ማዕድን ማውጫ፣ ከመሬት በታች 2.8 ኪሎ ሜትር ላይ ከዐለት ስንጥቅ በወጣ ውሃ ውስጥ በ2008 ይፋ የሆነ ባክቴሪያ አለ፤ ስሙ ዴሱልፎሩዲስ ኦዳክስቪያቶር ይባላል። ፀሐይ አያገኘውም፣ ኦክስጅን የለውም፣ ከላይ የሚወርድለት ምግብም የለም። በዐለቱ ውስጥ ያለው ዩራኒየም የሚለቀው ጨረር ውሃውን ይሰብረዋል፤ ከዚያ የሚወጣውን ሃይድሮጂን እየተጠቀመ፣ ከሰልፌት ጋር እያዋሐደ ኃይል ያገኛል። በዚያ ውሃ ውስጥ ከተገኘው ዲኤንኤ ከሞላ ጎደል ሁሉም የእሱ ብቻ ነው። አንድ ዓይነት ፍጡር ከዐለትና ከውሃ በቀር የማንንም እርዳታ ሳይሻ ይኖራል ማለት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ‹የማርስ ገጽ ደረቅ ነው፣ ስለዚህ ሞቷል› የሚለው አባባል አያረካኝም። የማርስ ከርሰ ምድርም ዐለት አለው፣ ጨረር የሚለቁ ማዕድናት አሉት፣ ጥልቀቱ ውስጥ ውሃ ሊኖር ይችላል። ዳሎልና ምፖኔንግ አንድ ላይ ሲታዩ ሕይወት የሚወሰነው በውሃው መኖር ብቻ ሳይሆን ውሃው ውስጥ ባለው ነገርና በሚገኘው ኃይል ነው።

አሁን ወደ ሰማሻቸው ዜናዎች ልምጣ።

ኬ2-18ቢ ከእኛ 124 የብርሃን ዓመት ትርቃለች፤ የምድርን 2.6 እጥፍ ስፋት፣ 8.6 እጥፍ ያህል ክብደት አላት፤ ኮከቧንም በ33 ቀን ትዞራለች። ማንም በቴሌስኮፕ መልኳን አላየም። በኮከቧ ፊት ስታልፍ የኮከቡ ብርሃን ጥቂቱ በአየሯ ጠርዝ ሾልኮ ይመጣል፤ እያንዳንዱ ጋዝ ከብርሃኑ የራሱን ቀለም ስለሚያስቀር ከጎደለው ቀለም ተነስተን የጋዙን ማንነት እንገምታለን። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ በዚህ መንገድ በ2023 ሜቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ አሳየ፤ ይህኛው ጠንካራ ውጤት ነው። በ2025 ሚያዝያ የካምብሪጁ ኒኩ ማዱሱዳን ቡድን ያወጀው ግን ዳይሜቲል ሰልፋይድ ወይም የቅርብ ዘመዱ የሆነ ጋዝ ታየ የሚል ነው። ምድር ላይ ይህን ጋዝ በብዛት የሚያመርቱት የባሕር ላይ ደቃቃን እፅዋት ስለሆኑ ዜናው ‹የሕይወት ምልክት› ተብሎ ወጣ።

ሦስት ነገሮች መታየት አለባቸው። የምልክቱ ጥንካሬ ባለሙያዎች ሦስት ሲግማ የሚሉት ነበር፤ ምንም ጋዝ ሳይኖር በመለኪያው መንቀጥቀጥ ብቻ እንዲህ ያለ ምልክት የመታየት ዕድሉ ከሺህ ሦስት ገደማ ነው። ለተራ ሰው ትንሽ ይመስላል። በሳይንስ ግን ‹አገኘን› ለማለት የሚጠየቀው አምስት ሲግማ ነው፤ ይህም ከሚሊዮን አንድ የማይሞላ ዕድል ነው። ቀጥሎም ሌሎች ቡድኖች ያንኑ መረጃ ወስደው በራሳቸው ዘዴ ሲተነትኑት ጋዙ ለመኖሩ በቂ ማስረጃ አላገኙም። ለእኔ ከሁሉ የከበደው ሦስተኛው ነው፤ ያው ጋዝ 67ፒ በተባለችው ጅራታም ኮከብ ላይ ተገኝቷል፣ በላቦራቶሪም ያለ ምንም ተሕዋስ ብርሃን ጋዞች ላይ በመጣል ተሠርቷል። በረዶና አቧራ ብቻ የሆነች ጅራታም ኮከብ የምታመርተው ጋዝ ለብቻው ምስክር አይሆንም። በዚያ ላይ ፕላኔቷ ውቅያኖስ ያላት መሆኗ ራሱ አልተረጋገጠም፤ በወፍራም ጋዝ የተሸፈነች ትንሽ ኔፕቱን ናት የሚሉ ብዙ ናቸው። ለጓደኞችሽ ‹የሚያጓጓ ግን ያልጸና ፍንጭ› በያቸው፤ ከዚያ በላይ የሚል ሰው ከመረጃው ቀድሞ ሄዷል።

ማርስ የተለየች ናት፤ ዐለቷ ላይ በመሣሪያ ቀርበን መሥራት እንችላለንና። በዚህች ፕላኔት ላይ ሁለት ጊዜ ያህል በጥድፊያ ተደስተን ነበር። በ1976 ቫይኪንግ የተባሉት ሁለት መንኮራኩሮች አርፈው፣ ካርቦናቸው ጨረር እንዲለቅ የተደረገ ምግብ በአፈሩ ላይ አንጠባጠቡ፤ ተሕዋስያን ካሉ በልተው ጨረር ያለበት ጋዝ ይተነፍሳሉ የሚል ሐሳብ ነው። ጋዙ ወጣ! አፈሩን በ160 ዲግሪ አግለው ሲደግሙት ደግሞ ቆመ። ይሁንና በአጠገቡ ያለው ሌላ መሣሪያ አፈሩ ውስጥ የማርስ የራሷ የሆነ ኦርጋኒክ (በካርቦን ላይ የተመሠረተ) ነገር አላገኘም። በ2008 ፊኒክስ የተባለው ተልእኮ የማርስ አፈር ፐርክሎሬት የሚባል ጨው እንዳለበት አሳየ፤ ይህ ጨው ሲሞቅ ኦርጋኒክ ውህዶችን ያቃጥላል፣ በጨረር ተመትቶ የሚፈጥራቸው ኬሚካሎችም ያን ምግብ ያለ ተሕዋስ ሊበታትኑት ይችላሉ። የሙከራው መሪ ጊልበርት ሌቪን ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ያየሁት ሕይወት ነው ብሎ ጸንቷል። ሁለተኛው በ1996 ከአንታርክቲካ በረዶ ላይ በተገኘ የማርስ ድንጋይ ውስጥ ትል የሚመስሉ ደቃቅ ቅርጾች ታዩ መባሉ ነው፤ ፕሬዚዳንት ክሊንተን ሳይቀሩ መግለጫ ሰጡበት። ዛሬ አብዛኛው ባለሙያ ቅርጾቹን ያለ ሕይወት ማስረዳት ይቻላል ብሎ ያምናል።

ሦስተኛው አሁን ያለንበት ነው። ፐርሲቪራንስ የተባለችው ሮቦት በ2021 የካቲት ጄዜሮ በተባለው ጉድጓድ ውስጥ አረፈች፤ ጉድጓዱ ከቢሊዮኖች ዓመታት በፊት ሐይቅ ነበር። በ2024 ሐምሌ ወደ ሐይቁ ይፈስ በነበረው ወንዝ አሮጌ መውረጃ ውስጥ፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ የሆነ ቀላ ያለ የጭቃ ድንጋይ አገኘች፤ ቼያቫ ፎልስ ብለው ሰየሙት። ድንጋዩ ላይ በሚሊሜትር የሚለኩ፣ መሐላቸው የገረጣ፣ ጠርዛቸው ጥቁር የሆነ ነጠብጣቦች አሉ፤ ተመራማሪዎቹ የነብር ነጠብጣብ ይሏቸዋል። ጠርዙ ሲመረመር በብረትና ፎስፌት የበለጸገ ነው፤ ቪቪያናይት የሚባለው ማዕድን ሳይሆን አይቀርም። መሐሉ ደግሞ ብረትና ድኝ አለበት፤ ግሪጋይት ይመስላል። በዚያው ቦታ ኦርጋኒክ ካርቦንም ታይቷል።

አንቺ ጂኦሎጂ ስለምትማሪ ይህ ለምን እንደሚያስደንቅ ቶሎ ይገባሻል። ምድር ላይ በሐይቅ ሥር በሚተኛ ጭቃ ውስጥ ኦርጋኒክ ነገር የሚበሉ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ሲያጡ በብረትና በሰልፌት ‹ይተነፍሳሉ›፤ ከሥራቸው የሚተርፉት ማዕድናት እነዚሁ ናቸው። ያለ ሕይወትም እነዚህን ማዕድናት መሥራት ይቻላል፤ የሚታወቁት መንገዶች ግን ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ሙቀት ወይም አሲድ ይፈልጋሉ፣ ድንጋዩ ደግሞ ያን ያህል የመሞቅ ምልክት አላሳየም። በ2025 መስከረም የታተመው ጥናት ‹ሊሆን የሚችል የሕይወት አሻራ› ብሎ የቆመው በዚህ ምክንያት ነው፤ አባባሉ ተመዝኖ የተነገረ ነው። ሮቦቷ ከድንጋዩ ቆርጣ ያወጣችው ናሙና በቱቦ ታሽጎ እዚያው ማርስ ላይ አለ። ቁርጡን ለማወቅ የካርቦኑንና የድኙን አይሶቶፕ (የአንድ ንጥረ ነገር በክብደት የሚለያዩ አቶሞች) እዚህ ምድር ላይ መለካት ያስፈልጋል፤ ናሙናውን ለማምጣት የታሰበው የናሳ ዕቅድ ግን በወጪው ምክንያት ተንገዳግዷል። ቻይና በበኩሏ ቲያንዌን-3 በተባለው ተልእኮ ከሌላ የማርስ ቦታ ናሙና ለማምጣት በ2028 አካባቢ ለመነሳት አቅዳለች። እውነቱን ለመናገር በጣም የሚቆጨኝ ይህ ነው፤ በእጃችን ካሉት ፍንጮች ሁሉ የተሻለው በአንዲት ቱቦ ውስጥ ተቀምጦ የሚያመጣው አጥቷል።

‹አንተስ የት ትፈልጋለህ?› ብትይኝ ግን መልሴ ኢንሰላደስ ነው። የሳተርን ጨረቃ ናት፤ ዲያሜትሯ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ስፋቷ ከኢትዮጵያ ያነሰ ነው። ገጿ በረዶ ነው፤ ከበረዶው ሥር ጨዋማ ውቅያኖስ አለ። በ2005 ካሲኒ የተባለችው መንኮራኩር በደቡብ ዋልታዋ ካሉ ስንጥቆች ውሃ ወደ ሕዋ ሲፈናጠር አየች፤ ከዚያ በኋላ በተፈናጠረው ውሃ ውስጥ እየበረረች ቀመሰችው። በውስጡ ጨው፣ ኦርጋኒክ ውህዶችና ሙቅ ውሃ ዐለት ሲነካ የሚፈጠሩ የሲሊካ ቅንጣቶች ተገኙ። በ2017 ሃይድሮጂን መኖሩ ታወቀ፤ የምፖኔንጉን ባክቴሪያ ምግብ አስታውሺ። በ2023 ደግሞ ካሲኒ ከሰበሰበችው መረጃ ለሕይወት የሚያስፈልገው ፎስፌት ተገኘ፤ መጠኑም ከምድር ውቅያኖስ ቢያንስ መቶ እጥፍ ይበልጣል። ውቅያኖሱ አልካላይ እንጂ አሲድ አይደለም፣ ጨውነቱም መጠነኛ ነው። የዳሎልን እንቅፋቶች አንድ በአንድ ብትፈትሺበት ሁሉንም ያልፋል። መቆፈርም አያስፈልግም፤ ውሃው ራሱ ወጥቶ ይጠብቀናል።

ኢንሰላደስን ከማርስ የማስቀድምበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ማርስና ምድር ከሕዋ በሚመጣ ትልቅ ዐለት ሲመቱ የሚወረወረውን ድንጋይ ሲለዋወጡ ኖረዋል። ማርስ ላይ ተሕዋስ ቢገኝ ከምድር የሄደ፣ ወይም እኛ ራሳችን ከዚያ የመጣን ዘመዳሞች ልንሆን እንችላለን። በረዶ ለብሳ በሳተርን ዙሪያ በምትኖር ጨረቃ ውስጥ ቢገኝ ግን ዝምድናው እጅግ የማይመስል ነው፤ በአንድ ፀሐይ ሥር ሕይወት ሁለት ጊዜ ለየብቻ ተነሳ ማለት ይሆናል። ያ ከሆነ በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ ስንት ጊዜ ይነሳል የሚለው ጥያቄ መልሱ ይለወጣል። አሁን የያዝነው ምሳሌ አንድ ብቻ ነው፤ ምድር። ምድር ላይ ሕይወት ቢያንስ ከ3.5 ቢሊዮን ዓመት ጀምሮ መኖሩ፣ ማለትም ቶሎ መነሳቱ፣ ተስፋ ይሰጣል። ከአንድ ምሳሌ ግን ሕግ አይወጣም። ምቹ ቦታ መኖሩና በዚያ ቦታ ሕይወት መጀመሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ስለ መጀመሪያው ብዙ እናውቃለን፣ ስለ ሁለተኛው ትንሽ።

ከፀሐያችን ቤተሰብ ውጭ ያሉት ፕላኔቶች ብዛት ያስገርምሻል። ሚሼል ማዮርና ዲዲዬ ኬሎ በ1995 ፀሐይን የመሰለ ኮከብ የምትዞር የመጀመሪያዋን ካገኙ ወዲህ፣ በ2025 መስከረም የተረጋገጡት 6,000 ደርሰዋል። አንዷ ስሟን ከእኛ አግኝታለች፤ በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ በሰጠው ዕድል ኤችዲ 16175 የተባለው ኮከብ ‹ቡና›፣ ፕላኔቱ ደግሞ ‹አቦል› ተብለዋል። አቦል ከጁፒተር በብዙ እጥፍ የሚከብድ የጋዝ ፕላኔት ስለሆነ መርገጫ መሬት የለውም፤ ሕይወት ሊፈለግ የሚገባው ጨረቃ ካለው በእሷ ላይ ነው። ስለ ሰለጠኑ ፍጥረታትና ስለ በራሪ ሳሕኖች ያልጠየቅሽኝን አላበዛም። ሰው ከ1960 ጀምሮ በሬዲዮ ሲያዳምጥ ኖሯል፣ የተረጋገጠ ድምፅ አልሰማም። ቅርቡ ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ 4.2 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ቮየጀር 1 የተባለችው መንኮራኩር በምትጓዝበት ፍጥነት ከ70,000 ዓመት በላይ ይፈጃል። ከዚያ መጥተው በሌሊት ታዩ ለሚል ሰው ማስረጃ የማቅረቡ ዕዳ የራሱ ነው።

በመጨረሻ ስለ ትምህርቱ። ከምድር ውጭ ሕይወትን የሚፈልገው መስክ አስትሮባዮሎጂ ይባላል፤ በዚህ ስም የሚጠራ የመጀመሪያ ዲግሪ ፈልገሽ አትድከሚ፤ በዓለም ላይም ጥቂት ነው። በዚህ መስክ የሚሠሩት ሰዎች ጂኦሎጂስቶች፣ ኬሚስቶች፣ የተሕዋስያን ባለሙያዎችና የፊዚክስ ሰዎች ናቸው። አንቺ የጀመርሽው ጂኦሎጂ ጥሩ በር ነው፤ ከሚኒራሎጂና ከጂኦኬሚስትሪ አትሽሺ፣ ከተቻለሽ ማይክሮባዮሎጂ እንደ ተጨማሪ ውሰጂ። የኮከብና የፕላኔት ምልከታ ከሳበሽ እንጦጦ ላይ የአንድ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ፤ ከ2004 ጀምሮ የሚንቀሳቀሰው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲም ተማሪዎችን ይቀበላል። የመስክ ሥራ ላይ የምትሠማሪ ከሆነ አንድ ልማድ ከአሁኑ ያዢ፦ ናሙና በምትወስጂበት ቦታ ሁሉ አንድ ባዶ ንጹሕ ብልቃጥ ከፍተሽ፣ ምንም ሳትጨምሪበት ዝጊውና ከሌሎቹ ጋር አብረሽ አስመርምሪ። ባዶው ውስጥ የሚገኘው ዲኤንኤ የአንቺ፣ የአቧራው ወይም የላቦራቶሪው ነው፤ ከውጤትሽ ላይ ትቀንሺዋለሽ።

መረጃውን ለማየት ደግሞ መመረቅ አያስፈልግሽም። ፐርሲቪራንስ የምታነሳቸው ፎቶዎች ናሳ ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ሆነው ይወጣሉ፤ የካሲኒም መዝገብ እንዲሁ በነፃ ይገኛል። በ2024 ጥቅምት የተነሳችው የናሳ መንኮራኩር ዩሮፓ ክሊፐር በ2030 ጁፒተር ደርሳ፣ በረዶ የለበሰችውንና ከሥሯ ውቅያኖስ እንዳላት የሚታመነውን ጨረቃ ዩሮፓን 49 ጊዜ እያለፈች ትመረምራለች፤ ጁስ የተባለችው የአውሮፓውያኑ መንኮራኩር በ2031 ጁፒተር ትደርሳለች። የእነሱም መረጃ እንዲሁ ይለቀቃል። ለጊዜው የቼያቫ ፎልስን ፎቶ አውርደሽ ነጠብጣቦቹን፣ ነጫጭ ሥሮቹንና ቀዩን ጭቃ ለይተሽ ለመሳል ሞክሪ፤ ሥሮቹ ካልሲየም ሰልፌት ናቸው። የትኛው ቀድሞ፣ የትኛው ኋላ እንደመጣ የመሰለሽን ጽፈሽ ብትልኪልኝ አንብቤ እመልስልሻለሁ።